ሁለት ሰከንድ ሲቀር ግጥሚያ ማቆም፦ ስቲል ልክ ነበር ወይስ ቴይለርን ዘረፈው?

ሰላም ለሁላችሁ። የቦክስ ወሬ በተነሳ ቁጥር ዳኞች ስላቆሟቸው የሻምፒዮና ግጥሚያዎች መከራከራችን አይቀርም። ዛሬ አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥና ሞግቱኝ። ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ማርች 17 ቀን 1990 ላስ ቬጋስ፣ ሂልተን ሆቴል። ሜክሲኳዊው ሁሊዮ ሴሳር ቻቬዝና የፊላደልፊያው ልጅ ሜልድሪክ ቴይለር በ63.5 ኪሎ ተገናኙ። ቻቬዝ የደብሊው ቢ ሲን፣ ቴይለር የአይ ቢ ኤፍን ቀበቶ ይዘዋል (ሁለቱም የዓለም ሻምፒዮና ቀበቶ የሚሰጡ የቦክስ ድርጅቶች ናቸው)፤ ሁለቱም ሽንፈት አያውቁም። ቴይለር እጁ እንደ መብረቅ ነበር፤ ዙር በዙር ነጥቡን ሰበሰበ። ቻቬዝ የሚያሳርፋቸው ቡጢዎች ቁጥራቸው ያንሳል፤ ግን እያንዳንዱ ያማል። እየመራ ያለው ሰው ፊቱ እያበጠ፣ አፉ እየደማ ሄደ። 12ኛው ዙር ሊያልቅ ሲል ቻቬዝ በቀኝ እጁ ጣለው። ቴይለር ተነሳ። የመሃል ዳኛው ሪቻርድ ስቲል እስከ ስምንት ቆጠረና ደህና መሆኑን ሁለት ጊዜ ጠየቀው። መልስ አላገኘም። እጆቹን አወዛውዞ ግጥሚያውን አቆመ፤ ሰዓቱ 2 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ይል ነበር።

ቴይለር እነዚያን ሁለት ሰከንዶች ቢያልፍ ኖሮ በነጥብ ያሸንፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስቲል ስሙ በተጠራ ቁጥር ተመልካች ሲጮህበት ኖሯል። እኔ ግን ልክ ነበር እላለሁ። ዳኛ የሚያየው ሰውየውን ነው፤ ሰዓት የሌላ ሰው ሥራ ነው። የዚያ ምሽት ጥፋት የተሠራው ቀደም ብሎ፣ በ11ኛውና በ12ኛው ዙር መካከል ባለችው የአንድ ደቂቃ ዕረፍት ነው። የቴይለር ጥግ፣ ማለትም በዕረፍት የሚመክሩት ሰዎች፣ በተለይ አሰልጣኙ ሉ ዱቫ፣ ልጁ እየመራ ሳለ የመጨረሻውን ዙር ማሸነፍ እንዳለበት ነግሮ ላከው። ዞር ዞር ብሎ ሊያሳልፈው የሚችለውን ሦስት ደቂቃ ሊዋጋበት ወጣ። ሰው ሁሉ ስቲልን ሲረግም ይህ ይረሳል። እስቲ እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ከዚህ በታች ያለው እስካሁን የመጣው መልስ ነው። ክሩ ስለረዘመና ዘግይተው የገቡ ስለጠየቁኝ በቅደም ተከተል በራሴ አገላለጽ አስቀምጬዋለሁ።

መልስ 1 የመጣው ዕድሜያቸው ገፋ ካለ ሰው ይመስለኛል፤ አመስግነው፣ በአክብሮት ነው የተቃወሙኝ። ሙግታቸው ቀላልና ከባድ ነው፤ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ቻቬዝ ቴይለር ዘንድ ደርሶ አንድ ቡጢ እንኳ ማሳረፍ አይችልም። ስለዚህ ስቲል ልጁን ያዳነው ከምንም አደጋ አይደለም፤ ዝም ብሎ ድሉን ነጠቀው ባይ ናቸው። ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው፤ እስከ መጨረሻው ድረስ እየተመላለሰ መጥቷል።

መልስ 2 ሒሳቡን ይዞ መጣ፤ ለዚህ ሰው ምስጋናዬ ትልቅ ነው። ከሦስቱ ነጥብ ሰጪ ዳኞች እስከ 11ኛው ዙር ዴቭ ሞሬቲ 108 ለ101፣ ጄሪ ሮት 107 ለ102 ለቴይለር ሰጥተው ነበር፤ ቸክ ጂያምፓ ብቻ 105 ለ104 ለቻቬዝ። ቴይለር በ12ኛው ዙር ስለወደቀ 10 ለ8 ለቻቬዝ (ለቻቬዝ 10፣ ለቴይለር 8) ብንደምር ሞሬቲ 116 ለ111፣ ሮት 115 ለ112 ለቴይለር ይሆናል፤ ጂያምፓ 115 ለ112 ለቻቬዝ። ሁለት ለአንድ፣ ቴይለር አሸናፊ። እኔም ከሥሩ ይኸው ራሱ ክርክሬን እንደሚደግፍ ጻፍሁ፤ ወድቆም ዙሩን ተሸንፎም የሚያሸንፍ ሰው ለምን ዋጋ ተብሎ ተላከ?

መልስ 3 ወዲያው ቆም በል አለኝ። የዳኞቹ ወረቀት በግጥሚያው መካከል አይነበብም፤ ዱቫ ምን ያህል እንደሚመራ በምን ያውቃል? በዚያ ላይ የቻቬዝ ፕሮሞተር፣ ማለትም ግጥሚያ አዘጋጁ፣ ዶን ኪንግ ነው፤ ሦስቱ ነጥብ ሰጪዎች ለማን እንደሚያደሉ የቴይለር ሰዎች ቢጠራጠሩ አይፈረድባቸውም ይላል። ጥርጣሬው ትክክል ነው፤ የጂያምፓን ወረቀት ያየ ሰው ዱቫ ያለ ምክንያት አልፈራም ይላል። ግን ጥርጣሬ የልጁን ፊት ከማየት አያግድም። አሰልጣኝ ወረቀቱን አያይም፤ ዓይኑን፣ አፉን፣ አቋቋሙን ያያል።

መልስ 4 ጨዋታውን ወደ አገር ቤት አመጣው። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 8 ቀን 1982 መሆኑን አስታውሶ፣ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ያለ ሰው ጆሮው የነበረው ከሰሜን ጦርነት በሚመጣው ወሬ ላይ እንጂ ላስ ቬጋስ ላይ እንዳልነበረ ጻፈ። እሱ ግጥሚያውን ያየው ከዓመታት በኋላ በተቀዳ ካሴት ነው፤ ካሴቱም ቴይለር ሲወድቅ ተቆርጦ ያልቅ ስለነበር ለረጅም ጊዜ በዝረራ የተሸነፈ ይመስለው ነበር።

መልስ 5 እና 6 በቀይዋ መብራት ተያያዙ። ዙር ሊያልቅ አሥር ሰከንድ ሲቀር ጥጉ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፤ 5ኛው ስቲል በዚያ አቅጣጫ ፊቱን አዙሮ ስለነበር አላየሁም ማለት አይችልም ይላል። 6ኛው ደግሞ ስቲል ራሱ ከግጥሚያው በኋላ ለሰዓቱ ደንታ እንደሌለው፣ ሰው በቃው ብሎ ካመነ እንደሚያቆም በግልጽ መናገሩን አስታወሰ። ስለዚህ አየ አላየ የሚለው ክርክር ውሃ አያነሳም። እኔም ከ6ኛው ጋር ነኝ። እንዲያውም መብራቷን አይቶ ዝም ቢል ኖሮ ነው የምንጠይቀው፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ የሚዳኘው ሰዓቱን ነው።

መልስ 7 የዱቫን ነገር አነሳ። ስቲል ሲጠይቀው ቴይለር ያልመለሰው ዓይኑ ወደ ቀኙ ወደ ዱቫ ስለሄደ ነው፤ ዱቫ ደግሞ ዙሩ ሳያልቅ የሪንጉ ጠርዝ ላይ ወጥቶ እየጮኸ ነበር። ቴይለር ራሱንም ስቶ ሳይሆን አሰልጣኙን እያየ ነበር የሚሉ ሰዎች አሉና ነገሩ ቀላል አይደለም። ይህ መልስ ለኔ ትልቅ ነገር ጨመረልኝ፤ ሁለቱም ትርጓሜ የሚወስደው ወደዚያው ጥግ ነው። ልጁ ደህና ከነበረ፣ ድሉን ያሳጣው ትኩረቱን የሰረቀው የራሱ አሰልጣኝ ነው።

መልስ 8 ከዱባይ የምትጽፍ ነርስ ናት፤ ክሩ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ጽሑፍ የእሷ ነው። ስለ ቦክስ ብዙ እንደማታውቅ ሳትደብቅ፣ ስለ ሰውነት ግን ታውቃለችና ያገኘችውን አመጣች። ቴይለር ከሪንጉ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ተወስዷል፤ የፊቱ አጥንት ተሰብሯል፣ ብዙ ደም ውጧል፣ ሽንቱ ደም ነበር። ሽንት ደም ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት የማጎመድ አብዱሰላሞቭን ታሪክ ጨመረች። ሩሲያዊው ከባድ ሚዛን ኖቬምበር 2013 ኒው ዮርክ ውስጥ ከማይክ ፔሬዝ ጋር አሥር ዙር ሙሉ ተጋጥሞ በእግሩ ከሪንግ ወረደ፤ ዳኛም አላቆመውም። በኋላ ሽንቱ ላይ ደም ታየ፤ ወደ ሆስፒታል የሄደው በአምቡላንስ ሳይሆን በታክሲ ነው። አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ነበርና ዳግም በእግሩ መሄድ አልቻለም፤ ኒው ዮርክ ግዛት በ2017 ለቤተሰቡ 22 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እሷ እንደምትለው ጉዳቱ በመጨረሻው ቡጢ ብቻ አይመጣም፤ ተጠራቅሞ ነው። ሁለት ሰከንድ ምን ያመጣል ብለን ስንጠይቅ ከዚያ በፊት የገባውን 35 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ እንረሳለን።

መልስ 9 ላይ ቃናው ተለወጠ። ይህ ሰው ስቲል የዶን ኪንግ ሰው ነው፣ ተገዝቷል፣ አለቀ ይላል። በሚቀጥለው ዓመት ማርች 18 ቀን 1991 ስቲል ማይክ ታይሰንና ሬዘር ራዶክን በ7ኛው ዙር ሲያቆም ሪንጉ ውስጥ የሁለቱ ወገን ሰዎች መደባደባቸውን እንደ ማስረጃ አቀረበ፤ ታይሰንም የኪንግ ነበርና። መልስ 10 የኔ ነው። የታይሰንና የራዶክ ማቆም ቸኩሏል ከሚሉት ወገን መሆኔን ተናገርሁ። ነገር ግን አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሰው ያስቆጣ ውሳኔ ሰጠ ማለት ገንዘብ ተቀበለ ማለት አይደለም፤ ይህን ያሳየ ማስረጃ እስከ ዛሬ አልቀረበም። ማስረጃ ሳይኖር የሰውን ስም ማጥፋት ለዚህ መድረክም አይመጥንም።

መልስ 11 የ9ኛው ሰው ምላሽ ነው፤ እስከዚያ ድረስ እርስዎ ሲለኝ የነበረው አንተ ብሎ ጀመረ። ለፈረንጅ ዳኛ ጥብቅና ቆመሃል፣ ቦክስን በወሬ እንጂ በጓንት አታውቅም የሚል ነው ጭብጡ። ስድቡን ልተወው። ስቲል ግን ራሱ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ዳኛ ከመሆኑ በፊትም ቦክሰኛ ነበር። ሐግለርና ኸርንስ በ1985 ያደረጉትን፣ ሦስት ዙር ብቻ ሆኖ ዛሬም የሚወራለትን ፍልሚያ የዳኘውም እሱ ነው። በጓንት ማወቅ ከሆነ መለኪያው፣ ስቲል ያልፋል።

ከ12 እስከ 15 ያሉት ወደ እግር ኳስ ሄዱ። ቪ ኤ አር ቢኖር ምን ይሆን ነበር፣ የፕሪሚየር ሊግ ዳኞች፣ በጭማሪ ሰዓት የተሰጠ ፍጹም ቅጣት ምት፤ ሁሉም ተነሳ። 14ኛው ብቻ ጠቃሚ ነገር አለው፤ በእግር ኳስ ዳኛ ሲሳሳት የሚጠፋው ጎል ነው፣ በቦክስ ግን ሰው ነውና ሁለቱን ማወዳደር አይገባም ይላል። የመድረኩ አስተባባሪ ገብቶ ወደ ርእሱ መለሰን።

መልስ 16 ከለንደን ነው፤ ከኔ ጋር እየተስማማ የማልደርስበትን ቦታ አሳየኝ። ኖቬምበር 23 ቀን 2013 ማንችስተር ላይ ካርል ፍሮችና ጆርጅ ግሮቭስ። ግሮቭስ በመጀመሪያው ዙር ሻምፒዮኑን ጥሎታል፤ በ9ኛው ዙር ፍሮች ሲያጠቃው ዳኛው ሃዋርድ ፎስተር ጣልቃ ገብቶ ግሮቭስን አቅፎ አቆመ። ግሮቭስ በእግሩ ቆሟል፣ ይመልሳል፣ ከሚቀጥሉት ዙሮችም ብዙ ቀርቷል። የፍሮች ደጋፊዎች ሳይቀሩ ጮኹ። ግሮቭስ ይግባኝ አለ፤ አይ ቢ ኤፍ ድጋሚ ግጥሚያ አዘዘ፤ ሜይ 31 ቀን 2014 ዌምብሌይ ላይ 80,000 ሰው ፊት ፍሮች በ8ኛው ዙር በዝረራ ጣለው። የዚህ ሰው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ ስቲልን ልክ ካልን ፎስተርንም ልክ ልንል ነው? እኔ አንልም። ስቲል ቆጥሮ፣ ጠይቆ፣ ጠብቆ ነው ያቆመው፤ ቴይለር መልስ እንዲሰጥ ዕድል አግኝቷል። ግሮቭስ አላገኘም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ በቀረው ሰዓት ርዝመት አይደለም።

መልስ 17 የዘገየ ዳኛ ምን እንደሚያስከትል አመጣ። ማርች 24 ቀን 1962 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ ኤሚል ግሪፊት ኩባዊውን ቤኒ ፓሬትን ጥግ ላይ አስጠግቶ ሲደበድበው ዳኛው ሩቢ ጎልድስተይን ዘገየ፤ ፓሬት ገመድ ላይ ተደግፎ መውደቅ እንኳ አልቻለም። ራሱን እንደሳተ አሥር ቀን ቆይቶ ሞተ፤ ቴሌቪዥን በቀጥታ ያስተላልፍ ነበርና አሜሪካ ሁሉ አይቶታል። መልስ 18 ይህንን አርሞ ሳይሆን አስፍቶ፣ ፓሬት ከዚያ በፊት በዲሴምበር 1961 በጂን ፉልመር ክፉኛ ተመትቶ በዝረራ መሸነፉን፣ አራት ወር ሳይሞላው ወደ ሪንግ መመለሱን ጨመረ። ጎልድስተይንን ብቻ የምንወቅስ ከሆነ ያን ግጥሚያ የፈቀዱትን ሁሉ ነጻ ማውጣት ነው አለ፤ ፍጹም ትክክል።

መልስ 19 ኮሪያዊውን ኪም ዱክ ኩን አነሳ። ኖቬምበር 13 ቀን 1982፣ ላስ ቬጋስ፣ ከሬይ ማንቺኒ ጋር። ዳኛው ሪቻርድ ግሪን ያቆመው በ14ኛው ዙር፣ ኪም ወድቆ ከተነሳ በኋላ ነው። ኪም በቀናት ውስጥ ሞተ። ደብሊው ቢ ሲ የሻምፒዮና ግጥሚያን ከ15 ወደ 12 ዙር ያወረደው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሌሎቹም ተከተሉ። የቻቬዝና የቴይለር ፍልሚያ 12 ዙር የሆነውም በዚሁ ምክንያት መሆኑን ልብ በሉ ይላል። ግሪን በ1983 ራሱን አጠፋ። ከዚህ መልስ በኋላ ለጥቂት ሰዓት ማንም አልጻፈም።

መልስ 20 አዲስ አበባ ውስጥ በአማተርነት ቦክስ ይጫወት ከነበረ ሰው ነው። በአንድ የክለብ ግጥሚያ አሰልጣኙ ፎጣ ወርውሮ አስቆመው። እየመራሁ ነበር ብሎ አሰልጣኙን ተቀየመ፤ ሰላምታ እስከ መንሳት ደረሰ። የቡድኑ ልጆች ስለ መጨረሻው ዙር ሲያወሩ ግን እሱ ከዙሩ አንድም ነገር ማስታወስ አልቻለም፤ እየመራሁ ነበር ሲል ያወራ የነበረው ስለ ቀደመው ዙር ነበር። አሰልጣኙ ቤት ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ለ11ኛው መልስ ከዚህ የተሻለ ምላሽ የለም።

መልስ 21 ከዚሁ ተነስቶ የጆ ፍሬዘርን አሰልጣኝ ኤዲ ፈችን አስታወሰ። ኦክቶበር 1 ቀን 1975 ማኒላ ላይ፣ ከ14ኛው ዙር በኋላ ጆ ፍሬዘር ዓይኑ ተደፍኖ ነበር፤ ልቀጥል ብሎ ሲለምን ፈች አሻፈረኝ ብሎ ግጥሚያውን አቆመው። አንድ ዙር ነበር የቀረው፤ ሙሐመድ አሊም በደከመበት ሰዓት። የዓለም ዋንጫ የሚያህል ነገር ትቶ ልጁን የመረጠ አሰልጣኝ ይህ ነው። እኔ ከዱቫ የምፈልገው የነበረው ይህንን እንኳ አይደለም፤ ዙሩን አሳልፍ ብሎ ቢልከው ይበቃ ነበር።

መልስ 22 እንደገና ሻከረ። ፈችን ፈሪ፣ እኛን ደግሞ ቦክስን ወደ ዳንስ የምንለውጥ ሰዎች አለን። 8ኛዋ፣ ነርሷ፣ ራሷ መለሰችለት፤ ሞትን ጀግንነት ብሎ ከመጻፍ በፊት አንድ ሌሊት የፅኑ ሕሙማን ክፍል እንዲያድር ጋበዘችው። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

መልስ 24 ደንቡን አመጣ። ዛሬ የአሜሪካ የቦክስ ኮሚሽኖች ማኅበር በሚመራበት ወጥ ደንብ መሠረት ግጥሚያን የማቆም ሥልጣን ያለው የመሃል ዳኛው ነው፤ ደወልም የወደቀን ሰው በየትኛውም ዙር፣ በመጨረሻውም ጭምር፣ አያድነውም። የ1ኛው መልስ ሙግት የተመሠረተው ደወሉ ያድነዋል በሚለው ላይ ነውና በዚህ ይላላል አልሁ። መልስ 1ን የጻፉት ሰው ተመልሰው፣ አሁንም በአክብሮት፣ ደንብ ሁሉን አይፈታም፤ ቴይለር ቆሞ ነበርና ደወሉ የሚያገኘው ቆሞ ነው አሉ። በዚህ ነጥብ አልተግባባንም፤ ግን የሚገባቸውን ክብር እሰጣለሁ።

መልስ 26 ላይ አንድ ወጣት ቦክሰኛው ራሱ ይወስን አለ። ሕይወቱ የእሱ ነው፣ ቀበቶውም የእሱ ነው፤ ልቀጥል ካለ ማን ይከለክለዋል?

ለዚህ የመለስኩት በሮበርት ዋንጊላ ነው። ኬንያዊ ጎረቤታችን፤ በ1988 ሴኡል ላይ በቦክስ የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደ የመጀመሪያው ኬንያዊ። ጁላይ 22 ቀን 1994 ላስ ቬጋስ ውስጥ ከዴቪድ ጎንዛሌዝ ጋር ሲጋጠም ዳኛው ጆ ኮርቴዝ በ9ኛው ዙር አቆመው። ዋንጊላ ተቃወመ፤ ለምን አቆምከኝ አለ፤ መቀጠል ፈልጎ ነበር። ወደ መልበሻ ክፍል ከገባ በኋላ ራሱን ሳተ። ጁላይ 24 ሞተ። ያን ጊዜ ውሳኔው የእሱ ቢሆን ኖሮ ምን ይሉ ነበር? ኮርቴዝ ያቆመው ሰውም ቢሆን አልተረፈም፤ ደህና ነኝ የሚል አንደበት ከተጎዳው አንጎል ነው የሚወጣው።

መልስ 28 ወደዚህ ገብቶ ያላሰብሁትን ነገር አገናኘ። ቴይለር በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ በ17 ዓመቱ ወርቅ ሲወስድ ኢትዮጵያ አልተሳተፈችም፤ ዋንጊላ በ1988 ሴኡል ላይ ሲያሸንፍም እንዲሁ፤ ሁለቱንም ኦሊምፒክ አገራችን አድማ መትታ ቀርታለች። የእኛ ትውልድ እነዚህን ልጆች በወጣትነታቸው ሳያያቸው የቀረው ለዚህ ነው አለ። ስለ ኬንያ ቦክስ ሌላ ክር እንዲከፈት የጠየቁ ሦስት ሰዎች አሉ፤ አስተባባሪው ቢከፍተው ደስ ይለኛል።

መልስ 29 ቴይለር ከዚያ ምሽት በኋላ አለቀለት የሚለውን አባባል አስተካከለ። ጃንዋሪ 1991 ላይ አሮን ዴቪስን አሸንፎ የሌላውን የቦክስ ድርጅት፣ የደብሊው ቢ ኤን፣ የዌልተር ሚዛን ቀበቶ ወስዷል። ከቻቬዝ ጋር ድጋሚ የተገናኙት ሴፕቴምበር 1994 ነው፤ ቻቬዝ በ8ኛው ዙር አሸነፈ። ነገር ግን የመጀመሪያውን ፍልሚያ ያየ ሰው ሁለተኛው ላይ የቆመው ያው ቴይለር አለመሆኑን ያያል፤ በዚህ እስማማለሁ።

እስካሁን የመጨረሻው፣ መልስ 30፣ ፍልሚያውን ገና ያላየ ሰው ነው፤ ከየት ቢጀምር እንደሚሻል ጠይቆኛል። ብዙዎቹ ቅንጭቦች ከመውደቁ ነው የሚጀምሩት፤ እነሱን ተዋቸው። ሙሉውን ፈልግ፤ ጊዜ ካጠረህ ደግሞ 11ኛው ዙር ሲያልቅ ጀምር፤ ቴይለር በርጩማው ላይ ሲቀመጥ ቻቬዝን አትይ፣ ስቲልንም አትይ፤ ጥጉ ውስጥ ያሉት ሰዎች የልጁን ፊት ስንት ጊዜ እንደሚያዩትና ምን እንደሚነግሩት ተመልከት። ከዚያ ተመለስና ማን እንዳጠፋ ጻፍልን።